ድምፃዊው ያልታወቀ

ስለ ሕግ የማውቀው ነገር ከትራፊክ ቅጣት አያልፍም ነበር። ቬጋስ ከገባሁ ጀምሮ ሥራዬ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት ሰው ማመላለስ ነው። በእረፍት ቀኔ ደግሞ ካሜራዬን ይዤ የሐበሻ ሠርግና ክርስትና እቀርፃለሁ፤ የቀረፅኩትንም አንድ የታወቀ የቪዲዮ መድረክ ላይ በከፈትኩት ቻናል እለቀዋለሁ። አውሮፓ ለእንደዚህ ዓይነት መድረኮች አዲስ የኮፒራይት ሕግ አወጣች የሚል ወሬ ሰምቼ ነበር። እኔ የምኖረው ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ነው፤ አውሮፓ የፈለገችውን ታውጣ ብዬ መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ። አይመለከተኝም ያልኩት ነገር የምኖርበት ሰፈር ግሪን ቫሊ ድረስ መጥቶ ሳሎኔ ውስጥ እንደሚቀመጥ በምን ልወቅ?

አባቴ አቶ ውበቱ በወጣትነታቸው የማሲንቆ ሰው ነበሩ። ደብረ ማርቆስ ዙሪያ እሳቸው ያልተጠሩበት ሠርግ ሠርግ አይባልም ነበር ይላሉ የሚያውቋቸው። እሳቸው ራሳቸው ግን እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ መጥተው አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ካሴት አስቀርፀዋል። ውል የለ፣ ፊርማ የለ፤ ምሳ በልተው፣ ተጨባብጠው ተለያዩ። ባለ ሙዚቃ ቤቱም ሞተ፣ ካሴቱም ተረሳ፣ እኔም ዜግነት ሳገኝ አባባን ወደ ቬጋስ አመጣኋቸው። ሲመጡ የያዙት አንድ ሻንጣ ልብስና በጋቢ የተጠቀለለ ማሲንቆ ነበር። በዚህ ደረቅ አየር የማሲንቆው ቆዳ ከመጠን በላይ እየተወጠረ ያስቸግራቸዋል። "ይሄ አገር እንኳን ሰውን፣ ቆዳንም ያስጮኻል" ይላሉ።

ታናሽ እህቴ ትዕግሥት ለትምህርት ጀርመን ሄዳ እዚያው ቀርታለች። ዮናስ የሚባል፣ የኮምፒውተር ሥራ የሚሠራ ጨዋ ልጅ አግኝታ ልታገባ ሆነ። አባባ ደግሞ ሳንባቸው ታሞ ሐኪሙ አውሮፕላን ከልክሏቸዋል። ጉዳዩ ይኸው ነበር፦ በእኛ ቤት ሴት ልጅ ያለ አባቷ ምርቃት አትሸኝም፤ የአባባ ምርቃት ደግሞ በማሲንቆ ነው። አንድ ስንኝ ይመርቃሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ሕዝቡ አሜን ይላል፣ ይቀጥላሉ። ታላቅ እህታችንን እንዲህ ነው የዳሯት። እኔንም እንዲህ ነው የዳሩኝ።

"በቀጥታ ስርጭት እናደርገዋለን" አልኳቸው። "እርስዎ እዚህ ይመርቃሉ፣ እነሱ አዳራሹ ውስጥ በትልቅ ስክሪን ያዩዎታል።"

"አሜናቸው ለኔ ይሰማል?"

"እሱ እንኳን አይሰማም አባባ። ድምፅ ይመላለሳል፣ ያስተጋባል።"

"ግድ የለም። እኔ ዝም ስል እነሱ አሜን ይላሉ። ባልሰማም አውቀዋለሁ።"

ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ጀርመን አመሻሽ ላይ ደርሷል። ባለቤቴ ሰናይት ካዚኖ ውስጥ ካርታ አከፋፋይ ናት፤ የዚያን ቀን ሺፍቷን ከጓደኛዋ ጋር ተቀያይራ ቀርታለች። ሶፋውን ገፍተን፣ ግድግዳው ላይ ጥለት ያለው ጨርቅ ሰቅለን፣ አባባን ነጭ በነጭ አልብሰን አስቀመጥናቸው። ማይኩ የኤሲውን ድምፅ ስለሚስብብኝ አጠፋሁት። የቬጋስ በጋ ያለ ኤሲ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ አላስረዳም። አባባ ገና ሳይጀምሩ ግንባራቸው ላብ አወጣ፤ ሰናይት በሶፍት ልትጠርግላቸው ስትል እጇን መለስ አደረጉት።

"ተይው ልጄ። ሠርግ ላይ ማላብ ያለ ነው።"

ዮናስ በጽሑፍ "ዝግጁ ነን፣ ሰው ሁሉ ተቀምጧል" አለኝ። ስርጭቱን ከፈትኩ። አባባ ደጋኑን ጭራው ላይ አሳረፉ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያን ቀን ሲዘፍኑ ሰምቻቸው አላውቅም። ለወራት ደረጃ መውጣት ያቃታቸው ሰው ያን ትንፋሽ ከየት እንዳመጡት እግዚአብሔር ይወቅ። መጀመሪያ ዜማውን በማሲንቆ ብቻ ሄዱበት፤ ከዚያ ድምፃቸውን አስገቡ። "እጅሽ ለመስጠት ይዘርጋ፣ ለመለመን አይዘርጋ" አሉና ዝም አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው አሜኑን ጠበቁ። የካሜራዬ ስክሪን ሥር መልእክት ይጎርፋል። ከአዲስ አበባ አሜን። ከቨርጂኒያ አሜን። ሮም ያለችው የአክስቴ ልጅ አሜንና እልልታ ደባልቃ ላከች።

ሁለተኛውን ስንኝ ሲጨርሱ የዮናስ መልእክት መጣ። "ጋሼ፣ ገና ማሲንቆው እንደጀመረ ስክሪኑ ጠቆረብን።"

ኔትወርካቸው ነው ብዬ ቀረፃዬን ቀጠልኩ። ቀጥሎ ፎቶ ላከ። በአበባ ያጌጠ አዳራሽ፣ ከፊት ለፊት ጥቁር ስክሪን፣ በላዩ ላይ ነጭ ጽሑፍ፦ ይህ ቪዲዮ በባለመብቱ ጥያቄ መሠረት በአገርዎ አይታይም።

ሁለቴ አነበብኩት። ባለመብት? ማን? አባባ ሦስተኛውን ስንኝ እየመረቁ ነው። እኔ ጋ ስርጭቱ ንጹሕ ነው፤ ሮም ይታያል፣ አዲስ አበባ ይታያል። ጀርመን ብቻ ጠፍቷል። ለሰናይት ስልኩን አሳየኋት። ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ ብቻ "አስቁማቸው" አለችኝ።

ላስቁማቸው? የነበራቸው አንድ ትንፋሽ ነው። ባስቆማቸው መልሰው እንደማይጀምሩ እሷም አውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሌላ ሊንክ ከፈትኩ፤ እንደ አዲስ ለቀቅኩት፤ ለዮናስ ላክሁለት። ታየ፤ "መጣ! መጣ!" አለ፤ የማሲንቆው ዜማ እንደገና ሲዞር ያም ጠቆረ። አባባ "ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ" አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ከጀርመን አዳራሽ የሚመጣውን አሜን ጠበቁ። በተጨፈነው ዓይናቸው እያዩት እንደሆነ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ያን ፊት አሁንም ስተኛ አየዋለሁ።

ሲጨርሱ ማሲንቆውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ፤ ደረታቸው እንደ ወናፍ ይላል። ሰናይት ሮጣ ኤሲውን ከፈተችው።

"ሰሙ?" አሉኝ።

"አባባ፣ ኔትወርኩ ትንሽ..." ብዬ ሳልጨርስ ስልኬ ጠራ። ሳላስብ ድምፁን ከፍቼ አነሳሁት። ትዕግሥት ናት። ከጀርባዋ የሕዝብ ጫጫታ ይሰማል።

"አባባ" አለች፣ በደስታና በጭንቀት መሃል ሆና፣ "ምርቃቱን መቼ ነው የሚጀምሩት? ሁላችንም ቆመን እየጠበቅንዎት እኮ ነው።"

አባባ እኔን አዩኝ። ከዚያ ማሲንቆውን አዩት። ደጋኑን መልሰው ሊያነሱ ሞከሩ፤ ሳል ያዛቸው፤ ሰናይት ከኋላ ደገፈቻቸው። ሳሉ ሲለቃቸው ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው "ተባረኪ ልጄ። መልስሽ ላይ እመርቅሻለሁ" አሏት። መልሱ፣ ሰው ሥራ ስላለበት፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር የተቀጠረው።

በማግስቱ ዮናስ ደውሎ ነገሩን አስረዳኝ። ሙሽርነቱን ትቶ ሲያጣራ ነው ያደረው።

"ጋሼ፣ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ አወጣ፤ ከዚያ እያንዳንዱ አገር በየራሱ ሕግ አድርጎ ጻፈው። አሁን ሰው ለሚለጥፈው ነገር መድረኩ ራሱ ተጠያቂ ነው። ስለዚህ ባለመብት ነኝ ብሎ ያስመዘገበ ድርጅት ካለ፣ ማሽኑ እየሰማ ያግዳል።"

"ማንን ነው የሚያግደው? አባቴ እኮ በራሳቸው አፍ ነው የዘፈኑት!"

"አንድ ድርጅት የድሮ የኢትዮጵያ ካሴቶች ሰብስቦ ለጀርመን አስመዝግቧል። ከነሱ አንዱ ጋር ተመሳሰለ ነው የሚለው። ርእሱ 'ባህላዊ የሠርግ ዜማ' ይላል።"

"የዘፋኙ ስም የለም?"

"'ድምፃዊው ያልታወቀ' ነው የሚለው።"

ወዲያው ሊንኩን ላከልኝ። ከፈትኩትና ለአባባ አሰማኋቸው፤ መደበቅ የማይቻልበት ደረጃ ላይ ደርሰን ነበር። ከላፕቶፔ የወጣው ድምፅ የጎረምሳ ነው፤ ግን አባቴ ናቸው። ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ።

"ብርጭቆ ሲንኳኳ ይሰማሃል?" አሉኝ። "ባለ ሙዚቃ ቤቱ ነው። ሻይ ያማስላል። ተው ብለው አልሰማኝ አለ።"

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። እዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ የአባቴን ድምፅ ለይቶ ያወቀ ሌላ አልነበረም። ታክሲ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሐኪም ቤት፣ ለሁሉም አንድ ተራ ሽማግሌ ናቸው። ማሽኑ ግን ይኸው አወቃቸው፤ ካወቃቸው በኋላ አፋቸውን ዘጋ።

"ሕጉን ያወጡት ለማን ብለው ነው?" ብዬ ዮናስን ጠየቅኩት።

"ለአርቲስቶች። ሥራቸው እንዳይሰረቅ። እንደ አባባ ላሉ..." አለና የተናገረው ነገር ለራሱም ገባው መሰል አልጨረሰውም። ከዚያ ተስፋ ሰጠኝ። "ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል። የዚህ አገር ሕግ ጥሩ ጎን አለው፤ ቅሬታ ካለ በማሽን ብቻ አይወሰንም፣ ሰው ማየት አለበት። ቢበዛ በሳምንት መልስ ይሰጣሉ። ካልሆነም ፋይሉን በቴሌግራም ላክልንና መልሱ ላይ አዳራሹ ውስጥ እናጫውተዋለን። ማን ያውቃል?"

ይሄ ሐሳብ ደስ አለኝ። እዚያው ፋይሉን ለትዕግሥት ላክሁላትና ለአባባ ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

"ሰዎቹ የኛ ነው ብለዋል?" አሉኝ።

"ይበሉ እንጂ! አባባ፣ ውሸታቸውን ነው።"

"እሱ እስኪለይ አታሳዩት። ሌባ በተባለ አፍ ምርቃት አይሆንም። ልጄን በክርክር ነገር አልድራትም።"

ለመንኳቸው። ሰናይት ለመነቻቸው። ትዕግሥት ደውላ አለቀሰች። እንቢ አሉ። "እንግዲያው ለይልኝና ይታይ። ሰው ያየዋል ብለሃል አይደል? ሰው ካየው ይገባዋል" አሉኝ። ስለዚህ ሁሉም ነገር በዚያች ቅሬታ ላይ ተንጠለጠለ፤ ከመልሱ ድግስ በፊት እገዳው ከተነሳ ምርቃቱ አዳራሹ ውስጥ ይታያል፣ ካልተነሳ አይታይም።

ማታውን ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ጻፍኩ፦ የዘፈነው አባቴ ነው፣ ካሴቱም ላይ ያለው ድምፅ የሱ ነው፣ ባለቤቱ እሱ ነው፣ ድርጅቱ ፈቃድ ጠይቆት አያውቅም። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው "ምን አልክ? አንብብልኝ" አሉ። ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው።

"'ባለቤቱ እሱ ነው' ያልከውን አጥፋው።"

"ምነው አባባ?"

"የኔ አይደለማ።"

"ድምፁ የእርስዎ አይደለም? ማሲንቆው የእርስዎ አይደለም?"

"ድምፁን የሰጠኝ እግዚአብሔር ነው። ዜማውን አጎቴ አስተማረኝ፤ እሱም ከሌላ ሰማ። የኔ ነው ብል ያስተማሩኝ ሰዎች አይታዘቡኝም? በሬሳቸው ላይ ቆሜ የኔ ነው ልበል?"

"አባባ፣ እነዚህ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር አይገባቸውም። የኔ ነው ይበሉና ይለቁታል።"

"ሰው ያነበዋል አላልክም? እንግዲያስ እውነቱን ጻፍ።" ከዚያ እያንዳንዱን ቃል እየመዘኑ አስጻፉኝ። "እኔ ውበቱ የዚህ ዜማ ባለቤት አይደለሁም። ከአጎቴ የተቀበልኩት ነው። ዜማው የሕዝብ ነው፣ ጸጋው የእግዚአብሔር ነው። እኔ ያቀበልኩ ብቻ ነኝ። ልጄን እንድመርቅበት ይፈቀድልኝ።"

የአባባ ዘመን ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚናገረው። ቤቱን አሳምሮ ሠርቶ "ደሳሳ ጎጆዬ" ይላል። በግ አርዶ "ምንም የለም፣ ቅመሱ" ይላል። እንግዳው ደግሞ የለም የተባለውን በግ እያየ ይመርቃል። እኛ መሃል ይህ ንግግር ማንንም አሳስቶ አያውቅም። እኔም ቃሉን ሳነበው አማረኝ። ይህን አንብቦ የማይገባው የሰው ፍጥረት አለ ብዬ አላሰብኩም። አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ላክሁት።

ሳምንቱ አላልቅ አለ። አባባ በየቀኑ "ሰውየው አየው?" ይሉኛል። በሐሳባቸው አንድ ሽማግሌ ጀርመናዊ መነጽሩን አድርጎ፣ ተቀምጦ ቃላቸውን ሲያነብ ይታያቸው ነበር መሰለኝ። የማሲንቆውን ጭራ ሙጫ እየቀቡ አሰናዱት። ሰናይትን "ከታየ በኋላ ትንሽ እጨምርበታለሁ፣ ሁለት ስንኝ ያህል ትንፋሽ አለኝ" አሏት።

የቅሬታው መልስ የመጣው ሐሙስ ዕለት፣ ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ ሳለ ነው። ኢሜይሉን ከፈትኩት። አጭር ነው፣ ጨዋም ነው። ቅሬታዎን ሰው ተመልክቶታል ይላል። ድምፃዊው የመብቱ ባለቤት እንዳልሆኑ በራሳቸው መግለጫ ስላረጋገጡ እገዳው ይጸናል ይላል። ስላነጋገሩን እናመሰግናለን ይላል።

ከኋላዬ ያሉት ሹፌሮች ጥሩምባ እስኪነፉብኝ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም። ማሽን ቢሆን ኖሮ አልናደድም ነበር፤ ማሽን ምን ያውቃል? ሰው ነው ያየው። ሰው ቃሉን አንብቦ፣ ተረድቶ፣ የአባቴን ትሕትና ወስዶ መልሶ ፊታቸው ላይ በሩን ዘጋበት። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ስነግራቸው አባባ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ሰውየው አየውና ነው?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። "እንግዲህ ካየው..." ብለው ተነሱና ማሲንቆውን በጋቢ ጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ አስገቡት።

ሌላ ቅሬታ እንጻፍ፣ ጠበቃ እንያዝ አልኳቸው። "አንድ ጊዜ እውነቱን ተናግሬያለሁ። አሁን ደግሞ ውሸቱን ልናገር?" አሉኝ።

ቅዳሜ መልሱ ሆነ። በስልክ አገናኘናቸው፤ ዮናስ ስልኩን ማይክ ላይ ደቀነው፤ ሕዝቡ ጸጥ ሲል በኛ ስልክ ተሰማን። አባባ "ተባረኩ" አሉ። "አሜን!" አለ አዳራሹ። ያን ሁሉ የጠበቁት አሜን መጣ። ሁላችንም ይቀጥላሉ ብለን ጠበቅን። ስልኩን ለኔ ሰጥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ትዕግሥት የላክሁላትን ፋይል እስከ ዛሬ አልከፈተችውም። "እስኪለይ አታሳዩት ብለዋል፤ አባቴን አልሽርም" ትላለች። የሠርጓ ምርቃት ስልኳ ውስጥ ተቀምጦ አለ፤ እሷ ብቻ ናት የማታውቀው። ሮም ያለችው የአክስቴ ልጅ በቃሏ ታውቀዋለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሕጉን ልስደብላችሁ ብዬ አልነበረም የተነሳሁት። ሕጉ ሌባ ይያዝ ብሎ ነው የወጣው፤ ዮናስ እንደሚለው ብዙ ቦታ ይይዝም ይሆናል። ግን ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ የኛን አጥር የነቀነቁት እኛው ባለቤት የለውም ብለን ስለነገርናቸው ነው። አባቶቻችን "የኔ አይደለም" ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ለማያውቅ ሰው እንዳለ አትተርጉሙላቸው። እኔ ተረጎምኩ፤ ያውም በትክክል።

ከዚያ ወዲህ የቀረፃ ሥራዬ ተለውጧል። የሚጫወት ሽማግሌ ካገኘሁ መጀመሪያ ካሜራ ፊት አስቀምጬ ስሙን፣ የአገሩን ስም፣ "ይህ የኔ ድምፅ ነው" የሚለውን እንዲናገር አደርጋለሁ። አብዛኞቹ ይስቁብኛል። አንዱ "ታዲያ የማን ሊሆን ኖሯል?" አሉኝ። መናገሩን ግን ያፍሩታል፤ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ነው የሚሉት። ቻናሌን ሰዎች ምነው ቀዘቀዘ ይሉኛል። ቀዝቅዟል።

ባለፈው ትዕግሥት ወለደች። ሴት ናት። ሕፃኗን ታቅፋ በቪዲዮ ደወለች፤ ልጅቷ እንቅልፍ አልወስዳት ብሎ ትነጫነጫለች። "አባባ፣ እስቲ እሹሩሩ ይበሉልኝ" አለች እየሳቀች። አባባ ስልኩን ተቀበሉኝ። ሕፃኗን አዩ፤ ፊታቸው በራ፤ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ አፋቸውን ለዜማ ሲከፍቱ አየሁ። የመጀመሪያው ድምፅ ሊወጣ ሲል ቆም አሉና ወደኔ ዞሩ።

"ሕፃኗ ያለችው የት ነው?" አሉኝ።

"ጀርመን አባባ።"

አፋቸውን ዘጉ። ስልኩን መለሱልኝ።